መልስ፦ «ወንድሜ አንቲባዮቲክ እየተሰጠው፣ ከልቡ ዙሪያ መግል እንዲያወጣ የገባለት ቱቦ ለምን አይወጣለትም?» ላልሽው

መድኃኒቱ ብቻውን ስለማይበቃ ነው። ወንድምሽ እንዳልሽው ልቡን በሸፈነው ከረጢት ውስጥ መግል ከቋጠረ፣ መግሉ የግድ መውጣት አለበት። አለዚያ ልብን ይጫነዋል፤ ልብ ደም የሚሞላበት ቦታ ያጣል። ግፊት ይወርዳል፣ የአንገት ደም ሥር ይወጠራል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ለነገ የሚባል ነገር አይደለም።

ቱቦው የቆየውም መግሉ ወፍራም ስለሆነ ነው። አንዴ በመርፌ ቢቀዳ መልሶ ይቋጥራል። ቱቦውንም ሊደፍነው ይችላል፤ ያኔ ቀዶ ሕክምና ሊመጣ ይችላል።

ሐኪሙን እነዚህን ጠይቂው፦

1. የተቀዳው ፈሳሽ ለካልቸር (ጀርሙን አሳድጎ ለሚለይ የላብራቶሪ ምርመራ) ተልኳል?
2. ቲቢስ ታይቷል? እኛ አገር ልብ ዙሪያ ፈሳሽ ሲገኝ ቲቢን መጠርጠር ግድ ነው። ቲቢ ከሆነ መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይወሰዳል። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ሽንቱን ብርቱካንማ ቢያደርገው አትደንግጪ፣ ያለ ነው።

አጎቴን በዚሁ ሕመም ሳስታምም ያየሁትን ልጨምርልሽ። ትኩሳቱ ለቆት ቤት ሲገባ ሁላችንም «ተመስገን፣ ዳነ» ብለን ነበር። ለካ ከረጢቱ ጠባሳ ሠርቶ ልብን ጨምድዶ ሊይዝ ይችላል። እግሩ አብጦ ካልሲው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጥልቅ ምልክት መተው ሲጀምር ነው የነቃነው። ስለዚህ ወንድምሽ ከወጣ በኋላም የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ቀጠሮው እንዳያልፈው። እግሩ ወይም ሆዱ ካበጠ ቀጠሮውን ሳትጠብቂ ውሰጂው።