ለዴንቨሩ የበረራ ተማሪ፦ «ትናንሽ አውሮፕላኖች የሚወድቁት ለምንድን ነው?» ላልከው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አሁን ነው ያየሁት። ዴንቨር እንደምትኖር፣ ማታ እየሠራህ ቀን ቀን በረራ ልትማር እንደሆነ፣ ባለቤትህ ግን «እነዚህ ትናንሽ አውሮፕላኖች ሁሌ ይወድቃሉ» ብላ እንቅልፍ እንዳጣች ጽፈሃል። አደጋው በብዛት ከምን እንደሚመጣ ነው የጠየቅከው። እኔም እዚሁ ኮሎራዶ ነው የተማርኩት። እኔም የማታ ሽፍት እየሠራሁ ነው ፈቃዴን ያወጣሁት። ስለዚህ ታናሽ ወንድሜን እንደምመክር አድርጌ ልንገርህ። የሜዲካሉን (የጤና ምርመራውን) እና የቲኤስኤውን (የትራንስፖርት ደህንነት መሥሪያ ቤቱን) ወረቀት ሌሎች በደንብ ነግረውሃል፣ አልደግመውም።

ባለቤትህ የፈራችው ሞተሩ አየር ላይ እንዳይጠፋ ይመስለኛል። ሁሉም ሰው የሚፈራው እሱን ነው። ሞተር ይጠፋል፣ አልዋሽህም። በብዛት ሰው የሚገድለው ግን ሞተሩ ደህና እየሠራ አብራሪው አውሮፕላኑን መቆጣጠር ሲያቅተው ነው። ወደ ኋላ ሄደህ ስታየው ደግሞ፣ ከብዙዎቹ አደጋዎች በፊት መሬት ላይ እያሉ «ዛሬ ይቅር» መባል የነበረበት ሰዓት አለ። ያቺን ቃል እንዳትናገር የሚገፋህን ነገር ዛሬውኑ እወቀው።

1. መሬት አጠገብ በዝግታ መታጠፍ። ልታርፍ ስትል የመጨረሻውን ዙር ትታጠፋለህ። ነፋስ ይገፋህና ራንዌዩን (ማኮብኮቢያውን) ታልፈዋለህ። ያኔ ሳታስበው አብዝተህ ታጋድላለህ። እግርህ ፔዳሉን ይረግጣል፣ አፍንጫው ሲወርድ ደግሞ መሪውን ወደ ራስህ ትስባለህ። ብዙ ተማሪ የሚማርበት ሴስና 172ኤስ፣ ፍላፑ (ከክንፉ ኋላ የሚወርደው ክፍል) ሳይወርድ ቀጥ ብሎ ሲበር ክንፉ መሸከም የሚያቆመው ፍጥነቱ 48 ኖት አካባቢ ሲደርስ ነው። ከፍታህን ሳትለቅ 60 ዲግሪ አጋድለህ ከታጠፍክ ግን ያው ክንፍ ወደ 68 ኖት ላይ ይለቅሃል። ለማረፍ የምትመጣበት ፍጥነት ራሱ እዚያው አካባቢ ነው። ፔዳሉን ያለልክ ከረገጥክ ደግሞ አንዱ ክንፍ ቀድሞ ይወድቅና አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ መውረድ ይጀምራል። ከፍ ብለህ ቢሆን ታወጣዋለህ። እዚያ ቦታ ላይ ግን ከመሬት ያለህ ርቀት ጥቂት መቶ ጫማ ብቻ ነው። ስለዚህ ራንዌዩን ካለፍከው ተወው። ሙሉ ጉልበት ስጥና ዞረህ ና። አስተማሪህ ዞረህ በመምጣትህ ከተቆጣህ አስተማሪ ቀይር።

ሞተር ገና እንደተነሳህ ቢጠፋም ነገሩ ያው ነው። ሰው ወደ ራንዌዩ ልመለስ ብሎ ሲጠመዘዝ ነው የሚሞተው። አፍንጫህን ዝቅ አድርግና ፊት ለፊትህ ካለው ሜዳ የተሻለውን ምረጥ።

ብቻቸውን የሚበሩ ተማሪዎች በብዛት የሚደርስባቸው ግን የማረፍ አደጋ ነው። መንጠር፣ ከራንዌይ መውጣት፣ ፕሮፔለር መሬት መምታት። አብዛኛው ጊዜ ሰው አይሞትበትም። ይህን ለባለቤትህ ንገራት።

2. የዴንቨር ከፍታ። እዚሁ ዴንቨር አጠገብ ያለው ሴንቴኒያል ኤርፖርት 5,885 ጫማ ላይ ነው ያለው። በጁላይ ቀትር ሙቀቱ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲገባ አየሩ ይሳሳና አውሮፕላኑ 9,300 ጫማ አካባቢ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚሠራው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ገና ሳይነሳ አጥቷል። አሮጌ ሚኒባስ ሰው ጢም አድርጎ እንጦጦን ሲወጣ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቀው የለ? እንደዚያ ነው። ነዳጁን ለከፍታው የሚመጥን ያህል ሳታቀጥን (ከአየሩ ጋር የሚቀላቀለውን ነዳጅ ሳትቀንስ) አትነሳ። ፈቃድ ስታወጣ ደግሞ ጓደኞችህ ሁሉ «እኛንም አብርረን» ይሉሃል። ሦስት ደንዳና ሰው ከሙሉ ታንክ ጋር 172ኤስን ብዙ ጊዜ ከልክ ያሳልፈዋል። ከፍተኛው የመነሻ ክብደት 2,550 ፓውንድ ነው። ቁጭ ብለህ ደምረው፣ ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም።

ከእኛ በስተሰሜን፣ ዋዮሚንግ ውስጥ ሻያን የምትባል ከተማ አለች። ኤፕሪል 11 ቀን 1996 የ7 ዓመቷ ጄሲካ ዱብሮፍ፣ አባቷና አስተማሪዋ እዚያ ሞቱ። አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ ትንሿ አብራሪ ልትባል ነበር፣ ጋዜጠኛ ሁሉ ይከታተላቸው ነበር። ጠዋት ዝናብ እየጣለ፣ መብረቅ ያለበት ደመና እየመጣ፣ ሴስና 177ው ከተፈቀደው ክብደት በላይ ተጭኖ ተነሱ። ደቂቃዎች ሳይቆዩ ክንፉ መሸከም አቆመና ከተማው መንገድ ላይ ወደቁ። መርማሪዎቹ አስተማሪው እንዲነሳ ከገፋፉት ነገሮች አንዱ የተጣበበው ፕሮግራማቸው እንደሆነ ጻፉ፣ የሚዲያውን ቀጠሮም ጠቀሱ። ሰውየው ልምድ ያለው አብራሪ ነበር። አየሩንም ያየዋል። ግን ሰው ይጠብቃቸዋል።

3. አንተን ካሜራ አይጠብቅህም። አንተን የሚጠብቅህ የትምህርት ቤቱ ቢሮ ነው። በደንብ ላስረዳህ የምፈልገው ይህንን ነው።

አንድ ጠዋት ከመነሳታችን በፊት ሞተሩን በደቂቃ 1,800 ዙር ላይ አድርጌ ማግኔቶዎቹን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጡትን ሁለት መሣሪያዎች) ሞከርኩ። ቁልፉን ወደ ግራው ሳዞር ዙሩ ትንሽ ወረደ፣ ደህና ነው። ወደ ቀኙ ሳዞር ሞተሩ ተንገጫገጨ። መሪው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። መርፌው ከ150 በላይ ወረደ። መመሪያው ቢበዛ 150 ነው የሚፈቅደው፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም ከ50 መብለጥ የለበትም። ካንዴላ ሲቆሽሽ እንዲህ ያደርጋል። ነዳጁን ቀጠን፣ ሞተሩን ከፍ አድርገህ ትንሽ ስታቆየው ብዙ ጊዜ ይጸዳል። አደረግነው፣ አልጸዳም። ደገምነው፣ ያው ነው። አስተማሪዬ «አየር ላይ ሲሞቅ ይስተካከላል» አለኝ። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። አየር መንገድ ለመግባት 1,500 ሰዓቱን እየቆጠረ ነው፤ ካልበረረ ሰዓቱም ክፍያውም የለም። እኔ ግን አልሄድም አልኩት። እየተነጫነጨ መለሰን።

ቢሮ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። የካንስል ቅጣት፣ ሞተሩ መሬት ላይ የሠራበት ሰዓት፣ የአስተማሪው ሰዓት ብላ ደመረችና ከተቀማጬ ላይ ቆረጠች። ብልሽቱ የአውሮፕላናችሁ ነው እኮ ብላት «ያንን የሚወስነው ሜካኒኩ ነው፣ አንተ ተማሪ ነህ» አለችኝ፤ ሰው በተሰለፈበት፣ ጮክ ብላ። ከሰዓት በኋላ ሜካኒኩ ከፈተው። ጠርቶኝ ካንዴላውን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ነጩ ሸክላ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር ስንጥቅ አለ። ሽማግሌው «ባለመነሳትህ ጎበዝ ነህ» አለኝ። እስከ ዛሬ ፈቃዴን ካገኘሁበት ቀን እኩል የምኮራበት ቀን ነው። ከቢሮው ግን ይቅርታም አልመጣ፣ ገንዘቡም አልተመለሰ።

አሁን አስበው። እኔ ያን ቀን በገንዘብ አልተቸገርኩም ነበር። የቤት ኪራይ የደረሰበት፣ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ልጅ ግን ያቺን ቅጣት ሲያስብ «እስቲ እንሞክረው» ይላል። ተማሪን የሚገድለው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት ጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል፦ በአየር ጠባይ ወይም በብልሽት ከቀረ ማን ነው የሚከፍለው? አስተማሪው አልበርም ሲል እሱስ ይቀጣል? ደህና ትምህርት ቤት ሳያንገራግር ይመልስልሃል። «ቅናሽ አለው» ብለው የጠቅላላውን ገንዘብ በአንዴ ሊቀበሉህ ከፈለጉ እምቢ በል። የእኔ ትምህርት ቤት ሰዎች በሺዎች የሚቆጠር ዶላሬን ይዘው፣ ልቀይር ስል ቀሪውን እስኪመልሱልኝ ወራት አንከራተቱኝ። ገንዘብህ እነሱ እጅ ካለ አፍህም ይታሰራል። በየበረራው ወይም በትንሽ በትንሹ ክፈል።

የጥገናውን መዝገብም አሳዩኝ በል። የሚያከራዩህም የሚያስተምሩህም እነሱ ከሆኑ አውሮፕላኑ በየ100 ሰዓቱ መመርመር አለበት። ኤፕሪል 2018 ፍሎሪዳ ዴይቶና ቢች ላይ የአንድ ማሰልጠኛ ፓይፐር አሮው ክንፍ ተገንጥሎ ተማሪውና ፈታኙ ሞቱ። ብረቱ በድካም ውስጥ ውስጡን ተሰንጥቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) በብዙ ፓይፐሮች ላይ የክንፍ ምርመራ አዘዘ። የምትማረው በፓይፐር ከሆነ ይህ ትእዛዝ የሚመለከተው መሆኑንና መሠራቱን ጠይቅ። የአውሮፕላኑን የጭራ ቁጥር ይዘህ አደጋ የሚመረምረው የኤንቲኤስቢ ድረ ገጽ ላይ ብትፈልግ ያለፈ አደጋ ካለው ታገኛለህ፣ ነፃ ነው። የሴንቴኒያልን ሪፖርቶች ማንበብ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

የእንቅልፍህን ነገር ደግሞ አደራ። እንደኛ ሌሊት የሚሠራ ሰው ቀን ለመተኛት ታይሌኖል ፒኤም ወይም ቤናድሪል ይውጣል። ውስጣቸው ያለው ዳይፈንሃይድራሚን የሚባለው መድኃኒት ነው። ኤፍኤኤ ከመጨረሻዋ ክኒን በኋላ 60 ሰዓት ሳትበር እንድትቆይ ይላል። ስልሳ! ፋርማሲ ውስጥ እንደ ከረሜላ ስለሚሸጥ ማንም ልብ አይለውም። ከሽፍት በቀጥታ ወደ ኤርፖርት አትሂድ። የትምህርት ሰዓትህን በእረፍት ቀንህ አድርገው፣ ቢዘገይ ይዘግይ።

ነዳጅ በመለኪያው መርፌ አይታመንም። ታንኩ ላይ ውጣ፣ የመለኪያ ዘንጉን አስገብተህ እይ። ከየማፍሰሻው በብርጭቆዋ ቅዳና ወደ ብርሃን ያዛት። 100ኤልኤል የሚባለው የአውሮፕላን ቤንዚን ሰማያዊ ነው፤ ውኃ ካለበት ከሥሩ እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ ይቀመጣል። ዝናብ ካደረበት በኋላ ይህን ሳታይ እንዳትነሳ። ቀን ስትበር ደግሞ ቢያንስ የ30 ደቂቃ፣ ማታ የ45 ደቂቃ ትርፍ ነዳጅ እንዲኖርህ ሕጉ ያስገድድሃል። እኔ ሁልጊዜ አንድ ሰዓት አስተርፋለሁ።

ደመና ውስጥ መግባትን በተመለከተ፣ በ1954 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በመሣሪያ መብረር ያልተማሩ 20 አብራሪዎችን ውጭ እንዳያዩ አድርገው ፈትነው ነበር። ሁሉም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው። አማካዩ 178 ሴኮንድ ነበር። ተራራዎቹ ላይ ደመና ሲከመር ካየህ ተመለስ፣ ቀኑ ሌላ ነው።

ዓይንህንም ከውጭ አታንሳ። ጁላይ 2025 ካናዳ ማኒቶባ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች፣ በየራሳቸው ሴስና፣ ብቻቸውን ሆነው መነሳትና ማረፍ ሲለማመዱ ተጋጭተው ሞቱ። አየር ላይ ግጭት በብዛት የሚሆነው በጠራ ቀን፣ ኤርፖርት አጠገብ ነው። ታብሌቱ ላይ አፍጥጠህ አትብረር።

ባለቤትህን ደግሞ ከመፈረምህ በፊት ይዘሃት ሂድ። አውሮፕላኑን ትንካው፣ አስተማሪውን ታናግረው፣ ስለ ካንስሉ የሚመልሱልህን እሷም ትስማ። የእኔዋ እንደዚያ ካደረገች በኋላ ነው መተኛት የጀመረችው። የትኛው ኤርፖርት ላይ እንደሆንክና የሚያስተምሩህ በሴስና ይሁን በፓይፐር እዚሁ ጻፍልኝ። ውሉንም ከመፈረምህ በፊት በውስጥ ላክልኝ፣ አንብቤ የማይጥመኝን አሳይሃለሁ።