መልስ፦ የአረጋውያን ጤና ሥልጠና ድጎማን ተማሪ በስሙ ማመልከት ይችላል?

አይችልም። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በ2015 የጀመረው የአረጋውያን ጤና ባለሙያዎች ማጠናከሪያ ፕሮግራም ገንዘቡን የሚሰጠው ለተቋም ነው እንጂ ለተማሪ አይደለም። እንደ እርስዎ ያለ የሶሻል ወርክ ማስተርስ ተማሪ ከገንዘቡ የሚጠቀመው ድጎማውን ባገኘው ዩኒቨርሲቲ ወይም የጤና ተቋም በኩል ብቻ ነው።

ስለዚህ ማመልከቻ ከመሙላት ይልቅ እንዲህ ያድርጉ፦

1. ፕሮግራሙን የሚያስተዳድረው የፌዴራሉ የጤና ሀብቶችና አገልግሎቶች አስተዳደር ድጎማ የሰጣቸውን ተቋማት ዝርዝር በድረ ገጹ ላይ ያወጣል። በክፍለ ግዛትዎ ያለውን ይፈልጉ።

2. ለፕሮጀክቱ ዳይሬክተር በቀጥታ ይጻፉ። የሶሻል ወርክ ተማሪዎችን ለመስክ ልምምድ ይቀበሉ እንደሆነ፣ አበል ይኖረው እንደሆነም ይጠይቁ። የትምህርት ክፍልዎ ጽሕፈት ቤት ብዙ ጊዜ ይህን አያውቀውም፤ እዚያ ደጅ አይጥኑ።

ለግለሰብ የተዘጋጀ ሌላ ድጎማ አለ፤ እሱም የአረጋውያን ጤና አካዳሚያዊ ሙያ ሽልማት ነው፤ እሱ ግን ለጀማሪ መምህራን እንጂ ለተማሪዎች አይደለም።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብዎት። ለተቋማት የሚሰጠው ድጎማ ለበርካታ ዓመታት ቢፈቀድም ገንዘቡን ኮንግረስ በየዓመቱ ካላጸደቀ አይለቀቅም። በአፍ ብቻ የአበል ቃል ተገብቶላቸው ሥራቸውን የለቀቁና በጀቱ ሲዘገይ ሜዳ ላይ የቀሩ ተማሪዎች አይቻለሁ። የአበሉን መጠንና የሚከፈልበትን ጊዜ በጽሑፍ ሳይቀበሉ ደመወዝዎን አይተዉ።