የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሄንድራ ሴቲያዋን በ35 ዓመቱ እንዴት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ?

ጥያቄ፦ የባድሚንተን ውድድሮችን በስልኬ መከታተል ከጀመርኩ ወዲህ ሄንድራ ሴቲያዋን የሚባል ኢንዶኔዥያዊ የጥንድ ተጫዋች ትኩረቴን ስቦታል። እድሜው ከገፋ በኋላ እንኳ በብዙ ዓመት የሚያንሱትን ወጣቶች ሲያሸንፍ አይቻለሁ። ሆኖም እንደ ሌሎቹ ሲሯሯጥ አይታይም፤ ፊቱ ላይም ደስታም ሆነ ንዴት አይነበብም። ለመሆኑ ያሸንፍ የነበረው በራሱ ችሎታ ነው ወይስ ጠንካራ ተጣማሪ ስለነበረው? ስለ ሕይወቱና ስለ ውድድር ዘመኑ ብትገልጹልኝ። — ከአዳማ የጻፉልን አንባቢ

መልስ፦ ሁለት ሰዎች አብረው ሲያሸንፉ ድሉ የማን እንደሆነ ለመለየት ስለሚያስቸግር፣ ጠያቂያችን ያነሱት ጥርጣሬ በጥንድ ጨዋታ ላይ ዘወትር የሚነሳ ነው። በሄንድራ ጉዳይ ግን ማመሳከሪያ አለን፤ አራቱን የዓለም ሻምፒዮንነት ክብሮች ያገኘው ከሁለት የተለያዩ ተጣማሪዎች ጋር ነው። የመጀመሪያውን ከማርኪስ ኪዶ ጋር፣ ቀሪዎቹን ሦስቱን ደግሞ ከሞሐመድ አህሳን ጋር አሸንፏል።

ሄንድራ የተወለደው እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1984 በማዕከላዊ ጃቫ፣ ፔማላንግ በተባለች ከተማ ነው (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ለእኛ ሩጫ የሆነው ለኢንዶኔዥያውያን ባድሚንተን ነው፤ አገሪቱ የመጀመሪያዎቹን የኦሊምፒክ ወርቆች ያገኘችው ስፖርቱ በ1992 በባርሴሎና የሜዳልያ ውድድር በሆነበት ዓመት ሲሆን፣ በወንዶች ጥንድም በ1996ና በ2000 ተከታትላ አሸንፋለች። ሄንድራና በሁለት ሳምንት የሚቀድመው እኩያው ኪዶ የገቡት እንዲህ ባለ ታሪክ ውስጥ ነው። በ2007 ኳላ ላምፑር ላይ ደቡብ ኮሪያውያኑን ጁንግ ጄ ሱንግንና ሊ ዮንግ ዴን በሁለቱም ዙር 21 ለ 19 ረትተው የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት ቤይጂንግ ላይ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ10 ሺህ ሜትር ባሸነፈች ማግስትና ቀነኒሳ በቀለ በዚያው ርቀት ሊያሸንፍ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ለፍጻሜ ቀረቡ። ተጋጣሚዎቻቸው በገዛ ሕዝባቸው ፊት የሚጫወቱት ቻይናውያን ካይ ዩንና ፉ ሃይፌንግ ነበሩ። የመጀመሪያውን ዙር 21 ለ 12 ቢሸነፉም፣ ሁለተኛውን 21 ለ 11፣ ሦስተኛውን 21 ለ 16 አሸንፈው ወርቁን ወሰዱ።

«ሲሯሯጥ አይታይም» ወዳሉት ነጥብ እንመለስ፤ ምክንያቱም ትክክለኛ ትዝብት ነው። በጥንድ ጨዋታ ሰርቭ (ጨዋታውን የሚያስጀምረው ምት) የሚያርፍበት ክልል ከነጠላው ይልቅ በርዝመት ስለሚያጥር፣ ኳሱን ከፍ አድርጎ ወደ ኋላ መላክ ተቀባዩን ስማሽ (ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ኃይለኛ ምት) እንዲመታ መጋበዝ ይሆናል። ስለዚህ አብዛኛው ሰርቭ 1.5 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን መረብ ለጥቂት አልፎ ወደ ፊተኛው መስመር ይወርዳል። ተቀባዩም አንድ እግሩን አስቀድሞ፣ ራኬቱን ከፊቱ ከፍ አድርጎ፣ ኳሱ ከመረቡ በታች ከመውረዱ በፊት ሊቀድመው ያደፍጣል። የሄንድራ ብልጫ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ክንዱን ወደ ኋላ አይስብም፤ በጣቶቹና በእጁ አንጓ ብቻ ኳሱን ገፋ አድርጎ በሁለቱ ተጋጣሚዎች መካከል ይልከዋል፣ ወይም ፍጥነቱን ገድሎ መረቡ ሥር ይጥለዋል። ተጋጣሚው ኳሱን ከታች ወደ ላይ ለማንሳት ይገደዳል፤ ያን ጊዜ ከኋላ የቆመው ኪዶ ወይም አህሳን ዘሎ ይመታዋል። ተመልካች የሚያጨበጭበው ለስማሹ ቢሆንም፣ ነጥቡ የተገኘው አስቀድሞ በሄንድራ እጅ ነው። ኳሱ የሚመጣበትን ቦታ አስቀድሞ ገምቶ ስለሚቆምም ርምጃው ትንሽ ነው፤ የውድድር ዘመኑን ርዝመትም እኔ የማያይዘው ከዚሁ ጋር ነው። እግር ቶሎ ይደክማል፤ እንዲህ ያለ እጅና ግምት ግን በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥም ብዙ አይጎድልም።

ያም ሆኖ መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ከኪዶ ጋር በ2010 የእስያ ጨዋታዎችን ወርቅ ቢያገኙም ለ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ሳያልፉ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ሄንድራ ከአህሳን ጋር ተጣመረ፤ አህሳን ቀደም ሲል ይጫወት የነበረው ከኪዶ ታናሽ ወንድም ከቦና ሴፕታኖ ጋር ነበር። አዲሶቹ ተጣማሪዎች በ2013 ጓንግዡ ላይ፣ በ2015 ደግሞ በአገራቸው ሕዝብ ፊት ጃካርታ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ከምድብ ሳያልፉ ተሰናበቱና ተለያዩ፤ ሄንድራም ለተወሰነ ጊዜ ከማሌዥያዊው ታን ቡን ሄዮንግ ጋር ተጫወተ። ብዙዎች ዘመኑ አበቃ ያሉት ያኔ ነበር።

በ2018 ከአህሳን ጋር እንደገና ተገናኙ። ሁለቱም አባቶች ስለነበሩ ደጋፊዎቻቸው «አባባዎቹ» የሚል ቅጽል ስም ሰጧቸው። በ2019 ሄንድራ እግሩን ተጎድቶ እያለ በእንግሊዝ ጥንታዊውን የኦል ኢንግላንድ ውድድር አሸነፉ፤ በፍጻሜው የገጠሟቸው አሮን ቺያና ሶ ዎይ ይክ ሄንድራን ከአሥር ዓመት በላይ ያንሱታል። በዚያው ዓመት ኦገስት 25 ቀን፣ ማለትም በ35ኛ የልደት ቀኑ፣ ባዝል ላይ ጃፓናውያኑን ታኩሮ ሆኪንና ዩጎ ኮባያሺን 25 ለ 23፣ 9 ለ 21፣ 21 ለ 15 በሆነ ውጤት ረትተው የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። የመካከለኛው ዙር ውጤት ለብዙዎች ሽንፈት መስሎ ነበር፤ በእኔ ግምት ግን የተረፈውን ጉልበት ለሦስተኛው ዙር የማቆየት ብልሃት ነው።

ኪዶ በ2021 ባድሚንተን እየተጫወተ ሳለ ወድቆ በ36 ዓመቱ አረፈ። ሄንድራ በዚያ ዓመት በቶኪዮ ኦሊምፒክ ለነሐስ ተጫውቶ አራተኛ ወጣ፤ በ2022ም 38 ዓመት በሞላው ሰሞን ለአምስተኛ ጊዜ ለዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ደርሶ በእነዚያው በቺያና በሶ ተሸነፈ፤ ድሉ ለማሌዥያ በታሪኳ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮንነት ሆነ። በጃንዋሪ 2025 ጃካርታ ላይ ከአህሳን ጋር በይፋ ከውድድር ተሰናበተ።

ጠያቂያችን ጨዋታዎቹን መመልከት ከፈለጉ የ2008ቱን የቤይጂንግ ፍጻሜ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር፣ ቀጥሎም የባዝሉን እንዲያዩ እንመክራለን። ሲመለከቱም ዓይንዎን ከሚዘለው ተጫዋች ላይ አንስተው መረቡ አጠገብ በቆመው ላይ ያድርጉ።