ገና ሲመጣ ሕፃኑን አትርሱት

የተወደዳችሁ የድሬ ልጆች፣

ዕድሜዬን በማዋለጃ ክፍል ያሳለፍኩ፣ አሁን ጡረታ የወጣሁ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሰባኪ አይደለሁም። ስለ ገና ልመክራችሁ የተነሣሁት ልደት ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ነው።

ልጅ የሚጠበቅበት ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? እናት ወሯ ሲገባ ጨርቁን አጥባ፣ በፀሐይ አድርቃ፣ አጣጥፋ ታስቀምጣለች። የገንፎው ዱቄት ይፈጫል፣ ቅቤው ይነጠራል፣ ማን አብሯት እንደሚያድር ይታወቃል። ምጡ ሲፋፋም ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ፤ በእኛ ከተማ ደግሞ ከጎኗ ያለችው አልጋ ላይ «ያ ረቢ» የምትል እናት አትጠፋም። ልጁ ሲወጣ ግን የሁሉም ዓይን ወደ እሱ ነው። አለቀሰ? ተነፈሰ? እርጥበቱን ቶሎ አደርቅለትና እናቱ ደረት ላይ አስተኝቼ በሌላ ደረቅ ጨርቅ እሸፍነዋለሁ። አሁን የተወለደ ሕፃን በድሬ ሙቀት እንኳ ይበርደዋል።

ሉቃስ በ2ኛው ምዕራፍ የቤተልሔምን ሌሊት ሲጽፍ ይህንን ጨርቅ ሳይጠቅስ አላለፈም። እመቤታችን ልጇን በጨርቅ ጠቀለለችው፤ በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ ስላላገኙም በግርግም አስተኛችው። ቤተ ክርስቲያናችን ያለ ሕማም እንደወለደችው ታስተምራለች፤ ማረፊያ ማጣቱ ግን አልቀረላትም። ሰማይና ምድርን የፈጠረው ጌታ ሰው ጠቅልሎ ካላሞቀው የሚበርደው ሕፃን ሆኖ መጣ። እኔ ስንቱን ሕፃን በእጄ ተቀብዬ፣ ይህን ባሰብኩ ቁጥር እንባዬ ይቀድመኛል። የገና መካከሉ ይህ ነው፤ ዶሮውም፣ ድፎውም፣ አዲሱ ልብስም የሚያምረው በእሱ ዙሪያ ሲሆን ነው።

ታዲያ በዓሉን በዋዜማው ማታ ልያዘው ብትሉ አይያዝም። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ የሚጾመው ለመጠበቂያ ነው። ነቢያቱ «ይወርዳል፣ ይወለዳል» እያሉ የጠበቁትን እኛም በጾም እንጠብቃለን። ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ የሚውሉትን ሦስት እሑዶች ልብ በሉ፤ ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ይባላሉ። በመጀመሪያው ነቢያት ስለ መምጣቱ መስበካቸው ይታሰባል፤ በሁለተኛው «ብርሃንህን ላክልን» ብለው መማጸናቸው፤ በሦስተኛው በጎቹ እረኛቸውን መናፈቃቸው። እነዚህን ሦስት እሑዶች ቀደም ብላችሁ ተነሥታችሁ ብታስቀድሱ ታኅሣሥ 29 ቀን (በየአራት ዓመቱ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ 28 ነው) ማንም ሳይነግራችሁ ልባችሁ በዓል ያደርጋል።

በመካከሉ ግን ብዙ ነገር ይገባል። የፈረንጆቹ ገና በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ቀን (በዘመነ ዮሐንስ 15) ይውላል፤ በከተማችን ታይዋን ገበያ መብራቱና የፕላስቲክ ዛፉ ከዚያ አስቀድሞ ይደረደራል፣ የጭፈራ ግብዣውም ይከተላል። በዚያ ቀን የሚያከብሩ ክርስቲያን ወንድሞችን አክብሩ፤ እናንተ ግን ጾም ላይ ናችሁ። ዛፉን በተመለከተ ከማንም ጋር አልጣላም፣ ልጆች ደስ ካላቸው ይብራላቸው።

ታኅሣሥ 19 ቀን ደግሞ የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። እኛ ድሬዎች ቅርብ በመሆናችን ታድለናል፤ ሌላው ከስንት አገር ይመጣል። በእግሩ የደንገጎን ዳገት የሚወጣውን፣ ድንጋይ ተሸክሞ የሚሄደውን፣ ለስለቱ ጥላና ሻማ የያዘውን ታያላችሁ። አንዳንድ ወጣት ግን ጉዞውን ሽርሽር አድርጎት፣ ሌሊቱን በዘፈን አሳልፎ፣ ደጁን ሳይሳለም ይመለሳል። ይህ ያሳዝነኛል። ቅዱስ ገብርኤል ለድንግል ማርያም የልደቱን ብሥራት ያመጣ መልአክ ነው፤ በደጁ ቆማችሁ ያንን ብሥራት ካላሰባችሁ ምን ፍለጋ ወጣችሁ? ከቁልቢ መልስም ጾሙ አላለቀም፣ ለገና ዐሥር ቀን ያህል ይቀራል።

ስለ ወጪው አጭር ነገር ልበል። ለበዓል ብላችሁ አትበደሩ፤ ወላጆቻችሁንም ለልብስ አታስጨንቁ። በዓሉን የማያከብር ጎረቤት «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ቡና ሊጠጣ ሲመጣ፣ ምን እንደምታከብሩ ቢጠይቃችሁ አጥርታችሁ መመለስ የምትችሉ ሁኑ። ሉቃስ 2ን እና ማቴዎስ 2ን ከቤተሰብ ጋር በጾሙ ውስጥ አንድ ማታ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ለዚህ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

አንድ ነገር ደግሞ እለምናችኋለሁ። በማዋለጃ ክፍል ጠያቂ የሌላት እናት ሁልጊዜ አለች። ከገጠር በሪፈር የመጣች፣ ቤተሰቧን ሸሽታ ብቻዋን የወለደች፣ ሥራ ፍለጋ በከተማችን ስታልፍ ምጥ የያዛት። ሌላዋ አልጋ ገንፎና አጥሚት በየተራ ሲገባ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚላት ሰው የለም። ከበዓሉ በፊት ሦስት አራት ሆናችሁ ገንዘብ አዋጡ። የሕፃን ልብስ፣ ኮፍያ፣ ታጥቦ የደረቀ ለስላሳ ጨርቅ፣ በፔርሙዝ አጥሚት ያዙ። ሃይማኖቷን አትጠይቁ። መጀመሪያ የክፍሉን ነርስ አስፈቅዱ፣ ማን ጠያቂ እንደሌላት እሷ ታውቃለች። ጉንፋን የያዘው ይቅር፤ የምትገቡት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ፣ ፎቶ አታንሱ። እናቲቱ ከፈቀደችላችሁ ጥቂት አጠገቧ ተቀመጡና የልጁን ስም ማን እንዳለችው ጠይቋት።