የደንገል ታንኳን በስልክ ካሜራ ለማሳየት፦ አፕ ወይስ ድረ ገጽ?

ጥያቄው ወደ ታች ስለወረደ ባጭሩ ልድገመው። ጠያቂዎቹ ጣና ሐይቅ ዳር ያለውን ዘጌን የሚያስጎበኙ ወጣቶች ናቸው። ጎብኚው ወደቡ ላይ ኪውአር ኮድ ስካን አድርጎ የደንገል ታንኳን በሙሉ መጠኑ መሬት ላይ እንዲያይ ይፈልጋሉ፤ ጢስ ዓባይ ላይ ደግሞ በበጋ የክረምቱን ውኃ ማሳየት አስበዋል። አፕ እናሠራ ወይስ ድረ ገጽ? እንዲህ ያለውን ምስል ዓይን ላይ የሚያሳየውን መነጽርስ እንግዛ? ነገ ድረ ገጽ ሁሉ በመነጽር የሚታይ ከሆነ የአሁኑ ሥራ ከንቱ አይቀርም ወይ? ነው ጥያቄው።

ድረ ገጽ ሥሩ፣ መነጽር አትግዙ፣ ጢስ ዓባይን በኤአር (በካሜራ በሚታየው እውነተኛ ቦታ ላይ የሌለ ነገር ጨምሮ በማሳየት) አትሞክሩት። ምክንያቱን እነሆ።

ዘጌ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይበቃል። ለግማሽ ቀን ብሎ በራሱ ዳታ አፕ የሚጭን እንግዳ አታገኙም፤ ሊንክ ግን ይከፍታል። አንድሮይድ ላይ ክሮም ከ81ኛው ዕትሙ ጀምሮ (በፈረንጆቹ 2020) ዌብኤክስአር በሚባለው መስፈርት ኤአርን ከድረ ገጽ ይከፍታል። ስልኩ ግን ጉግል ለኤአር ብቁ ናቸው ብሎ ከዘረዘራቸው መሆን አለበት፤ ብዙ ርካሽ ስልኮች ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። አይፎን ላይ ሳፋሪ ዌብኤክስአርን አይቀበልም፤ በምትኩ ከአይኦኤስ 12 ጀምሮ ክዊክ ሉክ የሚባል የራሱ ማሳያ አለው፣ የሚፈልገውም ዩኤስዲዜድ የሚባል የ3ዲ ሞዴል ፋይል ነው። ሁለቱን የሚያስታርቀው ሞዴል ቪውወር ነው፤ ከጉግል የወጣ፣ ነፃ፣ ገጹ ላይ እንደ አንድ ኤችቲኤምኤል ምልክት የሚገባ። የጂኤልቢ ፋይላችሁን (የ3ዲ ሞዴሉ የሚቀመጥበትን) ስትሰጡት ለአይፎን የሚሆነውን ራሱ ቀይሮ ያቀርባል። ስልኩ ኤአር ካልቻለ ደግሞ ታንኳውን በጣት እያዞሩ ማየት ይቻላል። እንዲያውም ገጹን ስትነድፉ ዋናው በጣት የሚዞረው ይሁን፤ ካሜራው ለቻለ ሰው ጭማሪ ነው።

አሁን ወደ ታንኳው። ብሌንደር በሚባለው ነፃ የ3ዲ መሥሪያ ከባዶ ከመሥራት ብዙ ፎቶ አንስቶ በፕሮግራም ወደ 3ዲ ሞዴል ማገጣጠም ይሻላል፣ ምክንያቱም የደንገሉ አስተሳሰርና መታጠፊያው በእጅ ሲሳል ሁልጊዜ የውሸት ይመስላል። ታንኳው ውኃ ላይ ሳይሆን ዳር ወጥቶ የደረቀ ይሁን። እርጥብ ደንገል ያብለጨልጫል፤ ብልጭታው እናንተ በተንቀሳቀሳችሁ ቁጥር ቦታ ስለሚቀይር ፎቶዎቹን የሚያገጣጥመው ፕሮግራም ይሳሳታል። ደመናማ ቀን ምረጡ። ከ100 እስከ 150 ፎቶ በሦስት ዙር አንሱ፦ አንዱን ተንበርክካችሁ፣ አንዱን በደረት ከፍታ፣ አንዱን ከላይ ወደ ታች። እያንዳንዱ ፎቶ ካለፈው ጋር 70 በመቶ ያህል ይደራረብ፤ የካሜራውን ብርሃንና ፎከስ ቆልፉት። አንዱ የደንገል እስር ከሌላው ጋር ስለሚመሳሰል ፕሮግራሙ እንዳይምታታ ዙሪያውን መሬት ላይ የተለያየ ምልክት የተጻፈባቸው ወረቀቶች በትኑ። ልክ አንድ ሜትር የሆነ ዘንግም አጠገቡ ይተኛ፤ ያለ እሱ መጠኑ ግምት ይሆናል። ለማገጣጠም «ሜሽሩም» የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ግን ይፈልጋል።

ከፕሮግራሙ የሚወጣው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሦስት ማዕዘኖች ያሉት ነገር ነው፤ ስልክ አይሸከመውም። ብሌንደር ውስጥ ወደ 50,000 አውርዱት፣ የጠፋውን ዝርዝር ደግሞ ኖርማል ማፕ (ጉብጠቱን በብርሃን የሚያስመስል ምስል) ላይ አትሙት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ሳይሆን ቴክስቸሩ (ሞዴሉ ላይ የሚለጠፈው ምስል) ላይ ነው። የጄፔግ ፋይሉ 400 ኪሎባይት ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ግን ስልኩ ሲከፍተው ይዘረግፈዋል። 2048 በ2048 የሆነ አንድ ቴክስቸር ማህደረ ትውስታ ውስጥ 16 ሜጋባይት ይይዛል። ቀለሙ፣ ኖርማሉና የሸካራነቱ ተደምረው 48፣ ስልኩ ለርቀት ከሚያዘጋጃቸው ትንንሽ ቅጂዎች ጋር 64 ሜጋባይት። በ4096 ካደረጋችሁት በአራት እጥፍ 256 ይሆናል፣ ያኔ ደከም ያለ ስልክ ገጹን ዘግቶት ይወጣል። ስለዚህ ቀለሙ 2048፣ ሌሎቹ 1024 ይበቃሉ።

ወደ ጂኤልቢ ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር። ብሌንደር ውስጥ ኮንትሮል ኤ ተጭናችሁ መጠኑን አጽድቁ፤ ጂኤልቢ የሚለካው በሜትር ነው። የሞዴሉ መነሻ ነጥብም ታንኳው መሬት የሚነካበት ቦታ ላይ ይሁን። መነሻው መሐል ላይ ከቀረ ብሌንደር ውስጥ የሚያምረው ታንኳ ካሜራው ላይ ግማሹ ወለሉ ውስጥ ሰምጦ ሊታይ ይችላል፤ ሰው «ኤአሩ አይሠራም» ብሎ የሚያማርረው ብዙ ጊዜ ይህን ነው። ገጹ ላይ ደግሞ መጠኑ እንዳይቀየር ቆልፉት፤ አለዚያ ጎብኚው በሁለት ጣት ቆንጥሮ የጫማ ያህል ያደርገውና ሙሉ መጠን ማየቱ ትርጉም ያጣል።

ክብደቱ ሁሉም ተደምሮ ከ3 ሜጋባይት ባይበልጥ። 5 ሜጋባይት በሰከንድ አንድ ሜጋቢት በምትሰጥ ኔትወርክ 40 ሰከንድ ይፈጃል፤ 40 ሰከንድ ጸሐይ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ የለም። ከዚህም የሚሻለው ዘጌ ላይ ኔትወርክን ጨርሶ አለመጠበቅ ነው። ኪውአር ኮዱን ባሕር ዳር ወደብ፣ ጀልባው ከመነሳቱ በፊት ለጥፉት፤ ገጹም በሰርቪስ ወርከር (ገጹ ያለ ኔትወርክም እንዲከፈት በሚያደርግ ትንሽ ኮድ) ፋይሎቹን ስልኩ ላይ ያስቀምጥ። እዚህ ላይ የተደበቀ ወጥመድ አለ። ጂኤልቢውን ድራኮ በሚባለው የጉግል መጭመቂያ ካመቃችሁት ሞዴል ቪውወር መፍቻውን ሳይነግራችሁ ከጉግል ሰርቨር ያወርዳል። ቢሮ ውስጥ ሁሉም ይሠራል፣ ዘጌ ላይ ግን ታንኳው አይመጣም። መፍቻውንም፣ ራሱን ሞዴል ቪውወርንም በራሳችሁ ሰርቨር ላይ አድርጉና አብረው ይቀመጡ። የኤአር ዘዴዎቹን ቅደም ተከተል ስትጽፉም ዌብኤክስአር ይቅደም፤ ሲን ቪውወር የተባለው የጉግል ማሳያ ለብቻው ያለ አፕ ስለሆነ ሞዴሉን እንደገና በራሱ ያወርዳል፣ ያስቀመጣችሁትን አያየውም።

ስትሞክሩት «ካሜራው አይከፈትም» የሚያሰኛችሁ አብዛኛው ነገር ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ የገጽ ግንኙነት) አለመኖሩ ነው። ዌብኤክስአር ደኅንነቱ ባልተጠበቀ ገጽ አይከፈትም፤ ላፕቶፓችሁን በዋይፋይ ቁጥሩ ከስልክ ስትከፍቱ ገጹ ይመጣል፣ ዌብኤክስአር ግን አይሠራም። ስልኩን በዩኤስቢ አገናኝታችሁ የክሮምን ፖርት ማስተላለፊያ ተጠቀሙ፤ ያኔ አድራሻው ሎካልሆስት (የራሱ የመሣሪያው አድራሻ) ስለሚሆን ይፈቅዳል። ሌላው ሊንኩ ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ውስጥ ሲከፈት ነው። በአፕ ውስጥ ያለው ብሮውዘር ዌብኤክስአርን አያውቅም፣ ስለዚህ «በክሮም ክፈት» የሚል ጽሑፍ ገጹ ላይ ይኑር።

ጀልባ ላይ ግን እንዳይከፍቱት ለጎብኚዎቹ ንገሩ። ስልኩ ቦታውን የሚያውቀው ካሜራው የሚያየውንና ውስጡ ያለው የእንቅስቃሴ መለኪያ የሚሰማውን አገናኝቶ ነው። ጀልባ ላይ መለኪያው ማዕበሉን ይሰማል፣ ካሜራው ደግሞ ፀጥ ያለ የጀልባ ወለል ያያል። ሁለቱ አይስማሙም፤ ታንኳው ቀስ እያለ ይንሸራተትና ከጀልባው ይወጣል። የሐይቁ ገጽ ላይም ማቆም አይቻልም፣ የሚይዘው ቋሚ ነጥብ የለውም። ለስላሳ ሲሚንቶ ወለልም እንደዚያው። ጥሩው ቦታ ቅጠልና ጠጠር ያለበት የቡና ዛፍ ጥላ ነው፣ እሱ ደግሞ ዘጌ ላይ ሞልቷል። ጥላው ለስልኩም ነው፤ ካሜራውም፣ ግራፊክሱም፣ ስክሪኑም አብረው ሲሠሩ ስልኩ ይግላል፣ ሲግል ስክሪኑን ያደበዝዛል።

አንድ አስተያየት ሰጪ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያሉትን የመቅደስ ግድግዳ ሥዕሎች ካሜራ ሲያርፍባቸው ታሪካቸው እንዲነበብ ሐሳብ አቅርቧል። በቴክኒክ ይቻላል፣ ማይንድኤአር የሚባለው ነፃ መሣሪያ ሥዕልን ለይቶ ያውቃል። እኔ ግን አልደግፈውም። ውስጡ ጨለም ያለ ስለሆነ ሥዕል መለየቱ ይቆራረጣል፤ ከዚያም በላይ ሰው የሚጸልይበት ቦታ ነው፣ ስልክ ዘርግቶ የሚዞር ሃያ ሰው አይጨመርበትም። ማብራሪያውን ቤተ ክርስቲያኑን አስፈቅዳችሁ ለውጪው መንገድ አድርጉት፣ በጽሑፍና በድምፅ።

ጢስ ዓባይን ለምን አትሞክሩት አልኩ? ስልክ ርቀትን የሚያውቀው እናንተ ትንሽ ስትንቀሳቀሱ የሚታየው ነገር ምን ያህል ቦታ እንደቀየረ አይቶ ነው። ከማዶ ያለ ገደል ግማሽ ሜትር ብትንቀሳቀሱ ንቅንቅ አይልም፣ ስለዚህ ውኃውን የሚያቆምበት ቦታ አያገኝም። ጂፒኤስ ብትሉ በሜዳ እንኳ አምስት ሜትር ያህል ይስታል፣ ኮምፓሱም ብረት ሲጠጋው ይዞራል፤ ውኃው ከገደሉ ጎን አየር ላይ ሲወርድ ታዩታላችሁ። በምትኩ ከአንድ ምልክት ካደረጋችሁበት ድንጋይ ላይ ቆማችሁ፣ በአንድ ስልክ፣ ሳታቀርቡ፣ በነሐሴና በመጋቢት ሁለት ፎቶ አንሱ። ገጹ ላይ በጣት የሚገፋ መጋረጃ አድርጉላቸው፦ ወደ ቀኝ ክረምት፣ ወደ ግራ በጋ። ሁለቱ ፎቶ ለድረ ገጽ ሲታመቁ ከአንድ ሜጋባይት አይበልጡም፣ በማንኛውም ስልክ ይከፈታል። ውኃው ለኃይል ማመንጫ ከተጠለፈ ወዲህ በበጋ የሚመጣ እንግዳ ቅር ብሎት እንደሚመለስ እናንተው ታውቃላችሁ፤ ለእሱ ይህ ይበቃዋል።

ስለ መነጽሩና ስለ ነገው። አፕል ቪዥን ፕሮ በ2024 ሲወጣ 3,499 ዶላር ነበር፤ የሜታ ኩዌስት 3 መነጽር በ499 ጀመረ። ለተራ የሚጠብቁ አሥራ አምስት ጎብኚዎች አንድ መነጽር ምን ያደርጋል? ላቡስ፣ ቻርጁስ? ሥራችሁ ከንቱ እንዳይቀር የምትፈሩት ግን ትክክል ነው፣ ብቻ አደጋው ከድረ ገጽ በኩል አይመጣም። ሜታ ስፓርክ የተባለውን የኤአር መሥሪያ በጥር 2025 ዘጋው፣ ሰው የሠራበት ሁሉ አብሮ ሄደ። ማይክሮሶፍትም ሆሎሌንስ 2 የተባለውን መነጽር ማምረት በ2024 አቆመ። ጂኤልቢ ግን የአንድ ድርጅት ያልሆነ መስፈርት ስለሆነ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ይሻገራል፤ የኩዌስት ብሮውዘር ዛሬም ዌብኤክስአር ያላቸውን ገጾች ይከፍታል። ስለዚህ ጂኤልቢውንና 150ውን ጥሬ ፎቶ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። የድረ ገጹ ስምም የራሳችሁ ይሁን፤ ነፃ ኪውአር የሚሰጡ ጣቢያዎች ኮዱን በራሳቸው ሊንክ ያሳልፉትና ጊዜው ሲያልፍ ያቋርጡታል፣ ያኔ የታተመው ሰሌዳ እንጨት ብቻ ነው። ሰሌዳውን ከሁለት ሜትር ርቀት ስካን ለማድረግ ኮዱ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ የሚያብለጨልጭ ላሚኔሽን አይደረግበት።

የመጀመሪያውን ጂኤልቢ ስታወጡ እዚሁ ጣሉት፣ ክብደቱንና መነሻ ነጥቡን አብረን እንይ። ጎብኚዎቻችሁ አብዛኛው አይፎን ይዘው ነው የሚመጡት ወይስ አንድሮይድ? እሱንም ጻፉልን።