ስትቀር የሚመጣ ማን አለህ?

ልጆች፣ እንደምን ናችሁ? እኔ ደሴ ውስጥ ዐቃቤ ሕግ ሆኜ አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። እንጀራዬ ሰው መክሰስ ነበር። ሽማግሌው ምክር ጀመረ ብላችሁ እንዳትሸሹ፣ ስለ ጨዋነት ልሰብክ አይደለም የመጣሁት። ብዙ መዝገብ አንብቤ አንድ ነገር ታዝቤያለሁ፣ እሱንና የሰፈር ልጆች ማኅበር ለምን እንደሚያስፈልጋችሁ ላውራችሁ።

የወጣት ተጠርጣሪ ቃል ስታነቡ አንዲት ቃል ትመላለሳለች። «ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ እዚያ ቦታ ምን ታደርግ ነበር?» ይባላል። «እንዲሁ ቆመን ነበር» ይላል። እንዲሁ! መጀመሪያ ሰሞን ይሄ ነገር ውሸት ይመስለኝ ነበር። ኋላ ነው እውነታቸውን መሆኑ የገባኝ። ልጁ ከቤት የወጣው ሊሰርቅ አይደለም። የሚሄድበት ስለሌለ፣ የሚጠብቀውም ሰው ስለሌለ ጥግ ላይ ቆሟል፤ በዚያ ሰዓት አጠገቡ ማን እንደመጣ ነው ነገሩን የሚወስነው።

አንዱን ልንገራችሁ። 16 ዓመቱ ነበር። ጓደኛው ፒያሳ ላይ ከባጃጅ የምትወርድ ሴት ስልክ ላፍ አድርጎ ሮጠ፣ ሲያልፍ ለዚህ ልጅ አቀበለው፣ ይሄኛው ጃኬቱ ውስጥ ከተተው። በማግስቱ ሊሸጥ ሲያስማማ ተያዘ። ስልኩ ኤግዚቢት ሆኖ ካኪ ፖስታ ውስጥ ቀረበ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ጀርባው ላይ የሕፃን ልጅ ፎቶ የተለጠፈበት። ልጁ «እኔ አልሰረቅኩም፣ ያዝልኝ ብሎኝ ነው» አለ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት ነገር አለና ጆሮ ስጡኝ። «ቆሜ አየሁ»፣ «ያዝኩለት»፣ «ሰው ሲመጣ አፏጨሁ» የሚባለው ነገር ከወንጀል አያወጣም። ሕጉ እጁን የዘረጋውን ብቻ አይደለም የሚያየው፣ የተባበረውንም ይቀጣል፤ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛና የደበቀም ራሱን የቻለ ወንጀል አለበት፤ ተነጋግሮ በቡድን መሥራት ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል እንጂ ለአምስት አካፍሎ አያቀለውም። ዕድሜም እንደምታስቡት አይደለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፣ ከ9 እስከ 15 ላለው ለብቻው የተለየ እርምጃ አለ። 15 ካለፈ ግን የሚዳኘው በመደበኛው ሕግ ነው፣ 18 እስኪሞላው ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፣ በቃ።

ለእኔ ቀላል መዝገብ ነበረች። ማስረጃው ሙሉ። ዕድሜውን በአንድ መስመር ጠቅሼ አለፍኩ።

ከዚያ እናቱ መጣች። ስንቅ በፌስታል ይዛ፣ ፖሊስ ጣቢያውንና የእኛን ቢሮ አምታታችው መሰለኝ። ትለምነኛለች ብዬ ፊቴን አጠቆርኩ። የጠየቀችኝ ግን ሌላ ነው። «ጌታዬ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው ያረገው?» አንድ ሰዓት ተኩል አልኳት። ዝም አለች። «እኔ እኮ ያን ሰዓት ገና እንጀራ ሸጬ አልገባሁም» አለች። ልጁን ያሳሰረችው እሷ ራሷ ይመስል ነበር አነጋገሯ። ልጁ ተፈርዶበት ታሰረ። ሲፈታ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። አልጠየቅኩም፤ የኔ ሥራ አልነበረማ።

አሁን ወደ ቅሬ ልውሰዳችሁ። አዲስ አበቤ እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንላለን፣ ለእናንተ ሳይነገር የሚታወቅ ነው። የቅሬ ጉልበቱ ገንዘቡ ይመስላችኋል? ድንኳኑ? ድስቱ? እኔ ግን ስም ጥሪው ነው እላለሁ። ቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ደግሞ ከቀረ ታሞ ይሆን ተብሎ ሰው ይላክበታል። ሀብታም ሁን ድሃ፣ ክርስቲያን ሁን እስላም፣ ስትቀር ይታወቃል። እናቶቻችን ሲያዝኑ የማይወድቁት ለዚህ ነው። ለወጣቱ ግን እንዲህ ዓይነት ነገር የለውም። ለትልቅ ሰው ቀብር የሚጠራ ጥሩምባ አለ፣ የ16 ዓመት ልጅ ማክሰኞ ማታ የት ጠፋ ብሎ የሚነሳ ሰው የለም።

የሰፈራችን ልጆች ይህንን ስም ጥሪ ነው የኮረጁት። የተጀመረው ከጦርነቱ በኋላ ነው። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ከተማዋ ተያዘች፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ ተለቀቀች፤ በመሃል ያየነውን አይታችኋል። ሱቅ ተሰብሮ ዕቃ በጠራራ ፀሐይ በሸክም ሲሄድ፣ ጠያቂ ሲጠፋ። ያኔ ያንን ያየ የ12 ዓመት ልጅ ዛሬ ሕጉ እንደ ትልቅ ሰው የሚከስሰው ዕድሜ ላይ ነው። ይህንን አስቡት።

ሰባት ሆነው ጀመሩ። ቅሬው ድንኳንና ድስት የሚያስቀምጥበትን ዕቃ ቤት ቁልፍ ለመኑ፣ ከሁለት ወር ልመና በኋላ ተሰጣቸው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይገናኛሉ። ከጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ በገመድ መረብ ቮሊቦል ይጫወታሉ፣ ኳሷ አትታይም እኮ! የሚያጠናም ያጠናል፣ አምፖሏ አንድ ናት። መዋጮው በሳምንት 10 ብር። አንድ ባለመስመር ደብተር አለቻቸው፣ በግራ ስም፣ በቀኝ የመጣና የቀረ። ሁለት ጊዜ የቀረ ቤት ሁለት ልጅ ይሄዳል። ከዚህና ለቀረ ሰው ከሚቆረጠው ቅጣት ሌላ ሕግ የላቸውም።

በረዥሙ ያወራሁላችሁ ሌላ ዓይነት ማኅበር ስላየሁ ነው። ባነር ተሰቅሎ፣ ቲሸርት ታድሎ፣ «ወጣቶችን ከወንጀል መታደግ» ተብሎ ሥልጠና ይሰጣል፣ አበሉ ሲያልቅ ማኅበሩም ያልቃል። ፎቶው ይቀራል። ገንዘብ ከመጣ አትቀበሉ አላልኩም፣ ግን መጀመሪያ በባዶ እጃችሁ ስድስት ወር ተሰብሰቡ።

ደብተሯን ደግሞ እናንተው ያዟት። እኔ ልጅ ሆኜ የደርግ ዘመን ነው፣ በአኢወማ፣ በአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር ማለቴ ነው፣ ተደራጅተናል፣ ኪነትም ስፖርትም ነበር፣ አልዋሽም፣ ጥሩ ጊዜም አሳልፌበታለሁ። ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ ግን ያ የስም ዝርዝር ለአፈሳ ምቹ ሆነ። ቀበሌም ይሁን ፓርቲ፣ ማንም ቢሆን ዝርዝራችሁን ሲፈልግ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላው፣ ዱላ ይዞ «ሌባ እንይዛለን» የሚል ቡድን ውስጥ አትግቡ። እጅ ከፍንጅ ያገኛችሁትን ይዞ ለፖሊስ ማስረከብ ሕጉ ይፈቅዳል። መደብደብ ግን ወንጀል ነው፣ በደቦ ፍርድ የመጡትንም ከስሻለሁ። በአንዱ መዝገብ ልጁ ክንዱ ተሰብሯል፣ ጠፋ የተባለው ስልክ ማታ ከባለቤቱ ቦርሳ ተገኘ። ደብዳቢዎቹ ከዚያ በፊት አንድም ክስ ያልነበረባቸው፣ የተመሰገኑ የሰፈር ልጆች ነበሩ።

ማንን እንጋብዝ ካላችሁኝ፣ ጨዋ ጨዋውን ሰብስባችሁ ጨዋ ማኅበር አትሥሩ። እነሱማ ቤታቸው የሚጠብቃቸው አለ። እናቶች «ከሱ ጋር እንዳላይህ» የሚሉትን ልጅ ጥሩት። መጀመሪያ ይስቅባችኋል። ሁለተኛ ጊዜ ጥሩት። የእኛዎቹ አንዱን በርጫ ላይ ከተቀመጠበት አራት ጊዜ ሄደው ጠርተውታል፣ በአምስተኛው ኳሱን እሱ ይዞ መጣ። ሴት ልጆችንም ቡና እንዲያፈሉ ብቻ አትጥሯቸው፣ የእኛው ገንዘብ ያዥ ሴት ናት፣ እሷ ከመጣች ወዲህ ነው ሒሳቡ መግጠም የጀመረው።

ቮሊቦል እንጀራ አይሆንም፣ አውቃለሁ። ሥራ የሌለው ልጅ ማክሰኞ ተጫውቶ ረቡዕ ይርበዋል። ግን ብቻህን ሆነህ ሥራ ከምትፈልግ ሠላሳ ሆናችሁ ብትፈልጉ ወሬው ቶሎ ይደርሳል። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሲከፈት ደመወዙ ትንሽ ነው እየተባለ ብዙ ተንቋል፣ ትንሽም ነው። ከእኛ ልጆች አራቱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብተው አንድ ክፍል ለአራት ተከራዩ፣ በየቀኑ ከደሴ የሐረጎን ዳገት እየወጡ እየወረዱ የትራንስፖርቱን ሒሳብ አይችሉትማ። ቅዳሜ ግን ይመጣሉ፣ ካልመጡ ይደውላሉ፣ ደብተሩ ላይ «ኮምቦልቻ» ተብሎ ይጻፍላቸዋል።

እኔንም አባል አድርገውኛል። ሐሙስ ሐሙስ ሕግ ነክ ነገር እነግራቸዋለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚጠይቁኝ ስለ ኳስ ነው። ባለፈው ጉንፋን አስተኝቶኝ ሁለት ሐሙስ ቀረሁ፣ ይረሱኛል ብዬ ዝም አልኩ። ዓርብ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሁለት ልጆች ቆመዋል። አንደኛው ዝንጅብል ይዟል፣ ሌላኛው ደብተሩን። «ጋሼ፣ 20 ብር ቅጣት አለብዎት» አለኝ።