ሲሞቅ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ቪትዝ፦ ጥፋቱ የክራንክ ሴንሰሩ መሆኑን መለየት

ወንድሜ፣ እንደጻፍከው ቪትዝህ ግማሽ ሰዓት ያህል ሄዶ መንገድ ሲጨናነቅ ድንገት ይጠፋል። ሞተሪኖው ያዞረዋል እንጂ አይነሳም፤ 20 ወይም 30 ደቂቃ ሲያርፍ ግን ምንም እንዳልነካው ይነሳል። የቤንዚን ፓምፕ ተቀይሮ አልዳነም፣ ስካነሩም ኮድ አላወጣም። አሁን ክራንክ ሴንሰር፣ ማለትም የሞተሩን መዞር ለመኪናው ኮምፒውተር የሚነግረውን ዕቃ ቀይር ተብለሃል። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ ግን ሳትለካ ገንዘብ አታውጣ። የሚለካው ደግሞ ጠፍቶ በቆመበት፣ ገና ትኩስ እያለ ነው። ጋራዥ እስኪደርስ ከቀዘቀዘ ሁሉም ነገር ጤነኛ ይመስላል።

በ1ኤንዜድ እና 2ኤንዜድ ሞተር ላይ ያለው ሴንሰር ማግኔትና በላዩ የተጠመጠመ በጣም ቀጭን ሽቦ ነው። ከፊቱ የሚዞረው ጥርሳም ሳህን የ36 ጥርስ ክፍፍል አለው፤ ሁለቱ ስለጎደሉ 34 ናቸው፣ ኢሲዩውም (የሞተሩ ኮምፒውተር) በዚያ ክፍተት የክራንክሻፍቱን፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ አቀማመጥ ያውቃል። ጥምጥሙ ውስጥ የተሰነጠቀ ቦታ ካለ ሲሞቅ ይላቀቃል፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይነካካል። ምልክቱ ሲጠፋ ኢሲዩው ሞተሩ ቆሟል ብሎ እሳቱንም ቤንዚኑንም ይዘጋል፣ ፓምፑንም ያቆማል። ፓምፕህ የተቀየረው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም፦ ፓምፑ ቆሞ ተገኝቷል፣ ያቆመው ግን ሌላ ነው። ኮድ አለመኖሩም ሴንሰሩን ነፃ አያወጣውም፤ የዚህ ሴንሰር የስህተት ኮድ ፒ0335 የሚመዘገበው ሁልጊዜ አይደለም።

በስልክ የሚሠራ የኦቢዲ መሣሪያ (ከመኪናው ኮምፒውተር መረጃ የሚያነብ ትንሽ ስካነር) መኪናው ውስጥ ይኑርህ። ሲጠፋብህ ዳር ያዝ፣ የሞተር ፍጥነቱን ክፈትና 5 ሰከንድ ያህል አስዞር። ደህና ከሆነ በደቂቃ ከ150 እስከ 250 ዙር አካባቢ ያሳያል። ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ንባቡ ዜሮ ላይ ከቀረ ጥፋቱ ሴንሰሩ፣ ሽቦው ወይም ሳህኑ ጋ ነው። ንባቡ የሚዘል ከሆነ የላላ ሶኬት ወይም ሴንሰሩ ጫፍ ላይ የተለጠፈ የብረት ብናኝ ጠርጥር። 200 አካባቢ ረግቶ ካሳየ ግን ክራንክ ሴንሰሩን ተወው፤ ካንዴላ ላይ እሳት መኖሩን፣ የቤንዚን ግፊቱን፣ ሪሌውን ተመልከት። ርካሽ መሣሪያ በማስዞር ጊዜ ግንኙነቱ ሊቋረጥበት ስለሚችል፣ ዜሮ ከማለትህ በፊት የባትሪ ቮልቴጁን ማንበብ መቀጠሉን አረጋግጥ። ባትሪውም ሲያስዞር ከ9.6 ቮልት በታች መውረድ የለበትም፤ ቀስ ብሎ የሚዞር ሞተር ከእንዲህ ዓይነቱ ሴንሰር ደካማ ምልክት ነው የሚያወጣው።

ቀጥሎ መልቲሜትር። ሴንሰሩ ከታች፣ በክራንክ ፑሌጃው በኩል፣ ብዙ ጊዜ በአንድ የ10 ቡሎን ታስሯል። ሶኬቱን ንቀልና በሴንሰሩ ሁለት እግሮች መካከል ኦም ለካ። እንደ ሞተሩ ዓይነት ቢለያይም ሁለት ሽቦ ያላቸው የቶዮታ ሴንሰሮች ሲቀዘቅዙ በአብዛኛው ከ1000 እስከ 2700 ኦም ባለው ውስጥ ናቸው፤ ሲሞቁ በመጠኑ ይጨምራሉ። ትኩስ እያለ መስመሩ ክፍት (የተቋረጠ) ሆኖ ከተገኘ ፍርዱ አልቋል። ከአንደኛው እግር ወደ ሞተሩ ብረትም ምንም ማስተላለፍ የለበትም። መንገድ ላይ መለካት ካልተመቸህ ሴንሰሩን ፈትተህ፣ መልቲሜትሩን እንዳገናኘህ በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው። ቁጥሩ ቀስ ብሎ ቢወጣ ደህና ነው፤ ከዘለለ ወይም ከጠፋ ሞቷል። ሦስት ሽቦ ያለውና ኤሌክትሪክ ተመግቦ የሚሠራው የሆል ሴንሰር ግን በኦም አይፈተንም። እሱ ላይ የሚታየው መጋቢ ቮልቴጁ፣ መሬቱና ሲዞር የሚቀያየረው ምልክት ነው።

ሴንሰሩ ደህና ከሆነ ሽቦው ላይ አትቸኩል፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። ከፊት የሚያፈስ ዘይት ሶኬቱን ያበላሻል፣ ሽቦውም ቺንጋውን ነክቶ ሊላጥ ይችላል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተህ፣ የኢሲዩውን ሶኬት ነቅለህ ከሴንሰሩ ሶኬት እስከ ኢሲዩው ሶኬት ያለውን እያንዳንዱን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካ፤ ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። እየለካህ ሽቦውን አወዛውዝ። ችግሩ የጀመረው የታይሚንግ ሰንሰለት ከተሠራ በኋላ ከሆነ ሳህኑ ተገልብጦ ገብቶ እንደሆነ አስፈትሽ፤ በላዩ ያለው የኤፍ (F) ምልክት ወደ ፊት ነው የሚዞረው።

ስትገዛ መልቲሜትርህን ይዘህ ሂድ። ሶማሌ ተራ የምታገኘው ያገለገለ ኦርጅናል፣ ኦሙ ልክ ከሆነና ሶኬቱ ካልተሰበረ፣ በእኔ ግምት ስም ከሌለው ርካሽ አዲስ ይሻላል። ግን ያገለገለውንም ሳይገጠም በፀጉር ማድረቂያው ፈትነው። ስትገጥም ጎማ ቀለበቱን ዘይት ቀባው፣ በመዶሻ አትምታው፣ ቡሎኑንም ከ7 እስከ 9 ኒውተን ሜትር ብቻ አጥብቀው። ከዚያ በኋላ ቬንቲላተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ እስኪነሳ ቆሞ እንዲሠራ አድርግና አጥፍተህ ወዲያው አስነሳው።